ድዱ ጥርሱን ሲሸፍነው፦ ማጽዳት፣ መድኃኒት ማስቀየር ወይስ ማስቆረጥ?

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሲወለድ ታፍኖ ስለነበር ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም ከአንጎል ጉዳት የመጣ የአካል እንቅስቃሴ ችግር፣ አለበት፤ የሚጥል በሽታው በኋላ ተጨመረ። ለዚሁ የታዘዘለትን ፌኒቶይን መውሰድ በጀመረ በሦስተኛው ወር ገደማ፣ በላይኛው የፊት ጥርሶቹ መካከል ያለው ድድ ውኃ እንደ ጠጣ ሽምብራ አበጥ አበጥ አለ። አዲስ ጥርስ ሊያበቅል ነው ብዬ ተውኩት። ዓመት ሳይሞላው ድዱ የፊት ጥርሶቹን እስከ ግማሽ ሸፈናቸው፤ ዳቦ ሲገምጥ ምራቁ ይቀላል፣ አፉም ይሸታል። አያቱ አንድ ቀን አጎንብሰው አዩትና "ይህ ልጅ በድዱ ነው እንዴ የሚያኝከው?" አሉ። ቀልድ አስመሰሉት እንጂ ነገሩ እውነት ነበር።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለክትትል በሄድን ቁጥር ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከአንኮበር ሌሊት ተነሥተው የመጡ እናቶች በመጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተደርድረው አገኛለሁ። የልጄን አፍ ሲያዩ የራሳቸውን ልጅ ከንፈር ገለጥ አድርገው ያሳዩኛል፤ ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ "ይቆረጥ ወይስ ይተው?" ከመቁረጥም ከመተውም በፊት የሚሞከር ብዙ ነገር አለ፤ አንዳንዱም ቤታችሁ ውስጥ ያለ ነው። ሐኪም አይደለሁም። በእነዚያ አግዳሚዎች ላይ ዓመታት የተቀመጥኩ፣ ያገኘሁትን ሐኪም ሁሉ በጥያቄ ያደከምኩ እናት ነኝ።

መጀመሪያ መድኃኒቱን እወቁ

ድድ በማሳደግ የሚታወቁት መድኃኒቶች በሦስት ወገን ይመደባሉ። አንደኛው ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን ነው፤ ከሚወስዱት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ድዳቸው ያድጋል። መድኃኒቱ ለሚጥል በሽታ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሆን፣ ድድ እንደሚያሳድግ በዓመቱ ተጽፏል። ለሕክምናው ዓለም ይህ ያረጀ ወሬ ነው። አዲስ የሚሆነው ማንም አስቀድሞ ለማይነግረን ለወላጆች ነው።

ሁለተኛው ሳይክሎስፖሪን ነው። ኩላሊት የተተከለላቸውና አንዳንድ ብርቱ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ልጆች ይወስዱታል፤ ከአዋቂዎች ይልቅ በልጆች ድድ ላይ ይከፋል። ሦስተኛው ወገን የደም ግፊት መድኃኒቶች ናቸው፤ ከእነርሱም ኒፈዲፒን ዋናው ነው። አምሎዲፒንም የዚያው ዘመድ ነው፤ ድድ የማሳደግ ጠባዩ ግን ያንሳል። ሳይክሎስፖሪንንና ኒፈዲፒንን አንድ ላይ የሚወስድ ልጅ ካላችሁ ድዱን በየሳምንቱ እዩ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይብሳሉ።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። የድድ ሥጋ በየጊዜው ይሠራል፣ አሮጌውም ይፈርሳል። እነዚህ መድኃኒቶች ማፍረሱን ያዘገዩታል፤ ሥጋው ይከማቻል። በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ ደግሞ ድዱን ያስቆጣና እድገቱን ያፋጥነዋል። ያደገው ድድ በተራው ብሩሽ እንዳይደርስ ስለሚከልል ቆሻሻው ይበዛል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ፣ ከፊት ጥርሶች መካከል ይጀምራል። ጥርስ በሌለበት ቦታ እምብዛም አይታይም፤ ይህም የቆሻሻውን ድርሻ ያሳያል።

አንድ ነገር ግን አትዘንጉ። ልጁ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱንም ሳይወስድ ድዱ ካበጠ፣ ወይም ከእብጠቱ ጋር መገርጣት፣ ትኩሳት፣ ያለምክንያት መድማት ወይም በቆዳው ላይ የደም ነጠብጣብ ካለ፣ የጥርስ ቀጠሮ አትጠብቁ። የደም ካንሰርም እንዲህ ሆኖ ሊጀምር ይችላልና በዚያው ቀን የደም ምርመራ ይደረግለት።

ቤት ውስጥ ማጽዳት፦ ርካሹና አድካሚው

ከሁሉም አማራጮች በዋጋ የሚቀለው፣ በድካም የሚከብደው ይህ ነው። መድኃኒት ብታስቀይሩም፣ ብታስቆርጡም ከዚህ አታመልጡም። እኔ ይህን ለመቀበል አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ሁልጊዜ ሌላ የሚያቀልልኝ ነገር እፈልግ ነበር።

ብሩሽ ወይስ መፋቂያ? እኔ የወይራ መፋቂያ ይዤ ነው ያደግሁት፤ እጁ ለሚታዘዝለት አዋቂ ሰው አልነቅፈውም። ድዱ ላደገበት፣ በተለይም የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ ግን አልመርጠውም። መፋቂያ የፊት ጥርስን ፊት ያሳምራል እንጂ ወደ መንጋጋው ውስጠኛ ጎን አይደርስም፤ ያበጠ ድድንም ይወጋል። ልጁ በድንገት ቢጥለው ደግሞ እንጨቱ አፉ ውስጥ ይቀራል። ራሱ ትንሽ፣ ጸጉሩ ለስላሳ የሆነ የሕፃን ብሩሽ ይግዙ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ብሩሽ እጅ ለማይታዘዝላቸው ልጆች ይረዳል፤ ንዝረቱን የሚፈራ ልጅ ግን አፉን ጭራሽ ይዘጋባችኋል። የእኔ ልጅ እንዲያ ነው ያደረገው፤ ብሩሹ አሁን መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

አያያዙ ከብሩሹ ይበልጣል። ልጁን ቀና አድርጌ አስቀምጬ ከኋላው እቆማለሁ፤ ራሱ ደረቴን ተደግፎ በግራ እጄ ከንፈሩን እገልጣለሁ። የብሩሹን ጸጉር ጥርስና ድድ የሚገናኙበት መስመር ላይ አጋደል አድርጌ በትንሽ በትንሹ አንቀሳቅሰዋለሁ። መጎተትና መፈተግ አያስፈልግም። ሁለት ደቂቃ ያህል፣ በቀን ሁለት ጊዜ፤ የማታው ከጠዋቱ ይበልጣል። በአንድ ጊዜ ካልቻለ ጠዋት የላዩን፣ ከሰዓት የታቹን፣ ማታ ሁሉንም። ምግብ ወይም ምራቅ ትን የሚለው ልጅ በጀርባው ተኝቶ አይታጠብ፤ የጥርስ ሳሙናውም በጣም ትንሽ ይሁን፣ አረፋው በንጹሕ ፋሻ ይጠረግ። ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከዚያ በላይ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ጣታችሁን በጥርሶቹ መካከል አታስገቡ። በሚጥለው ሰዓት ደግሞ ብሩሽም ማንኪያም ጨርቅም ወደ አፉ አይግባ።

ብሩሽ ሲነካው ይደማል። ብዙ እናቶች ደሙን ሲያዩ ደንግጠው ያቆማሉ፤ እኔም አቁሜ ነበር። ደሙ የሚመጣው ድዱ ስለ ተቆጣ ነው፤ በየቀኑ በጥንቃቄ ከተጸዳ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። ሁለት ሳምንት አልፎም ካልቀነሰ ወደ ጥርስ ሐኪም ሂዱ።

የእኛ አገር ብርድም የራሱ ድርሻ አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የቧንቧው ውኃ አዋቂን ያስጮኻል፤ ልጄ ብሩሽ የጠላው በብሩሹ ሳይሆን በውኃው እንደ ሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከቡናው ጀበና ጎን ትንሽ ውኃ ለብ አድርጉ። ከምግብም በሶና ጭኮ አፍ ውስጥ ይለጠፋሉ፤ የቆሎ ገለባ ባደገ ድድ ሥር ይሸጎጣል። ከልክሉ አልላችሁም፤ የገብስ አገር ሰው በሶ ተከልክሎ ምን ሊበላ ነው? ከበላ በኋላ ውኃ ይጠጣ፣ አፉም ይጠረግ። ጣፋጭ ሽሮፕ የሚወስድ ልጅ ደግሞ ሽሮፑን ከማታው ማጽዳት በፊት ይውሰድ።

ጥርስ ማሳጠብ

ጥርስ ላይ የጠጠረው ቆሻሻ በብሩሽ አይለቅም። የጥርስ ሐኪም በመሣሪያ ያነሣዋል፤ ሰዉ ጥርስ ማሳጠብ የሚለው ይህን ነው። ቤት ከማጽዳት ጋር ሲነጻጸር አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ታጥቦ ቤት ሲገባ ካልተጸዳ ብሩ የባከነ ነው። እድገቱ ገና ለስላሳ፣ ቀላና የሚደማ ከሆነ በማጠብና በማጽዳት ብቻ ጎላ ያለ ለውጥ ይታያል። ጠንክሮ፣ ፈዛዛ ሆኖ የማይደማ ከሆነ ግን ከማጠብ ብዙ አትጠብቁ። ድዱ ላደገበት ልጅ በየሦስት ወሩ መታየት ተገቢ ነው። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ለምትመጡ ይህን ከመድኃኒት ክትትሉ ጋር በአንድ ቀን ማስያዝ የአንድ ጉዞ ወጪ ያድናል።

መድኃኒቱን ማስቀየር

ትልቁን ስሕተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ያየን ባለሙያ የልጁን ድድ ተመልክቶ "ይህ የፌኒቶይን ሥራ ነው፣ አቁሚለት" አለኝ። ምክንያቱን በትክክል ለየ፤ ምክሩ ግን ልጄን ሊገድለው ነበር። መድኃኒቱን ባቆምኩ በሁለተኛው ቀን ማታ ጣለው፤ አምስት ደቂቃ አለፈ፣ አሥር ደቂቃ አለፈ፣ አልለቀቀውም። በባጃጅ ድንገተኛ ክፍል አድርሰን በመርፌ ነው ያቆሙለት። ፌኒቶይንን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ያልተቋረጠ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። የሚቀየር ከሆነ አዲሱ እየተጨመረ አሮጌው በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይቀነሳል፤ ይህንንም የሚያደርገው የሚጥል በሽታውን የሚከታተለው ሐኪም ነው። የጥርስ ሐኪሙ ሊጠይቅ፣ ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል፤ ሊያቋርጥ ግን አይገባም።

ምን በምን ይተካል? ፌኖባርቢታል ርካሽ ነው፤ ድድ ማሳደጉም እምብዛም ነው። ልጁን ግን ያደነዝዘዋል፣ አንዳንዱን ደግሞ ያቅበጠብጠዋል፤ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅ ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም። ካርባማዜፒን ከአንድ የአንጎል ክፍል ለሚነሣ የሚጥል በሽታ ጥሩ ነው፤ አንዳንድ ዓይነቶችን ግን፣ ለምሳሌ ለጥቂት ሰኮንድ ፈዝዞ የመቅረቱን ዓይነት፣ ያብሳል። ቫልፕሮዌት ለብዙ ዓይነት ይሠራል፤ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ለጉበቱ ያሰጋል፣ ለአቅመ ሔዋን ለምትደርስ ልጅም በእርግዝና ጊዜ ጽንስ ስለሚጎዳ ሐኪሞች ይሸሹታል። ሌቬቲራሴታም ከድድ ጋር ጠብ የለውም፤ ጠባይ ግን ያስቆጣል፣ ዋጋውም ከፌኖባርቢታል ጋር አይወዳደርም። አዲሱ መድኃኒት በአካባቢያችሁ ያለማቋረጥ መገኘቱን ሳታረጋግጡ አትስማሙ። አዲስ አበባ ብቻ የሚገኝ መድኃኒት መንገዱን ጉም በዘጋው ቀን ልጁን ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

ከተቀየረ በኋላ ድዱ በሳምንታት ውስጥ መቀነስ ሊጀምር ይችላል፤ እስከ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ መጠበቅ ይገባል። ለረጅም ጊዜ ቆይቶ የጠነከረው ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። አሁን ደግሞ የማይወደደውን ልናገር፦ ልጁ በብዙ መከራ ከሚጥል በሽታው ያረፈ ከሆነና ሐኪሙ "አልነካውም" ካለ፣ ስሙት። የድድ ነገር ቀስ ብሎ ይደረስበታል።

ኩላሊቱንና ልቡን የሚታመም ልጅ ላይ ሚዛኑ ይለያል። ለደም ግፊት ከኒፈዲፒን ሌላ አማራጭ መድኃኒቶች ስላሉ፣ የኩላሊቱ ሁኔታ ከፈቀደ ሐኪሙ መቀየሩ ከሚጥል በሽታው ይቀልለዋል። ሳይክሎስፖሪን ለሚወስድ ልጅ ታክሮሊመስ የሚባል ምትክ አለ፤ ድድ አያሳድግም ለማለት ይቻላል። ነገር ግን የተተከለን ኩላሊት የሚጠብቅ መድኃኒት መጠኑ በደም ምርመራ እየተለካ የሚስተካከል ስለሆነ ውሳኔው የንቅለ ተከላ ቡድኑ ነው። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ እዚያ የሚከታተሉ ልጆች ወላጆች 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ሲሄዱ የድዱንም ነገር በዚያው ቀን ያንሡት።

በመካከል ያሉት

ክሎርሄክሲዲን የሚባለው የአፍ መጉመጥመጫ ቆሻሻውን ይቀንሳል። ብሩሽን ያግዛል እንጂ አይተካም፤ ሲቆይ ጥርስ ያጠቁራል፣ የምግብ ጣዕም ያበላሻል። መትፋት የማይችል ልጅ አይጉመጥመጥ፤ በፋሻ ተነክሮ ድዱ ይቀባለት። ለብ ያለ የጨው ውኃ ለተቆጣ ድድ ደህና ነው፤ የሚውጥና ግፊት ወይም ኩላሊት ያለበት ልጅ ግን ጨው አያስፈልገውም።

ፎሊክ አሲድ በሚባለው ቫይታሚን ላይ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። በሕንድ ፌኒቶይን በሚጀምሩ ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት በቀን ግማሽ ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ከወሰዱት በስድስት ወር ውስጥ ድዳቸው ያደገባቸው ከ100 ሃያ አንዱ ነበሩ፤ ካልወሰዱት ሰማንያ ስምንቱ። ይህ ግን መድኃኒቱን ሲጀምሩ ለመከላከል ነው፤ ያደገውን ድድ ያሟሟል ማለት አይደለም። በብዛት ሲሰጥም የፌኒቶይንን መጠን በደም ውስጥ ይቀንሳል። ስለዚህ ከፋርማሲ በራሳችሁ አትግዙ፤ ገና ፌኒቶይን ሊጀመርለት ላለ ልጅ ግን ሐኪሙን በዚያው ቀን ጠይቁ። እኔ ያን ቀን የሚነግረኝ ባገኝ ምንኛ በወደድኩ። አዚትሮማይሲን የሚባለው ፀረ ተሕዋስያን ደግሞ ለአጭር ጊዜ ተሰጥቶ በሳይክሎስፖሪን ያደገ ድድ ላይ ጥቂት ረድቷል፤ ለፌኒቶይን ልጆች ይህን ያህል አልተመሰከረለትም።

ማስቆረጥ

መቆረጥ ያለበት ድድ አለ። ቋሚ ጥርስ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከዘጋው፣ ልጁ በራሱ ድድ ላይ የሚነክስ ከሆነ፣ ከንፈሩ አልገጥም ካለ፣ ወይም ምንም ያህል ብትደክሙ ብሩሽ የማይደርስበት ኪስ ከሠራ፣ ማዘግየቱ ጥቅም የለውም። የፊት ቋሚ ጥርሶች የሚወጡት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ ዕድሜ ካለፈና ጥርሱ ካልታየ አስመርምሩ። መድኃኒቱ በቅርቡ ከተቀየረ ግን ብዙ ሐኪሞች ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት መጠበቅን ይመርጣሉ፤ ሳይቆረጥ የሚመለሰውን ለማየት።

በቢላዋ ይሁን በሌዘር ብላችሁ አትጨነቁ። ሌዘሩና በኤሌክትሪክ የሚቆርጠው ደም ያሳንሳሉ፤ ደሙ ቶሎ ለማይረጋ ልጅ ይህ ይጠቅማል። ለሌላው ግን በደንብ የያዘ እጅ ያለው ሐኪም በቢላዋ የሚሠራው ያው ነው። የሚያስጨንቀው ማደንዘዣው ነው። ተረጋግቶ የሚቀመጥ ልጅ በመርፌ በማደንዘዝ አፉን በየክፍሉ በተለያየ ቀን ማሠራት ይችላል። እንደ ልጄ ያለው ሙሉ ሰመመን ያስፈልገዋል፤ ለዚያ ደግሞ የልጆች ሰመመን የሚችል ባለሙያና ከፍ ያለ ሆስፒታል ይፈለጋል። በባዶ ሆድ ይምጣ ሲባሉ የጠዋቱን የሚጥል በሽታ መድኃኒት በትንሽ ውኃ ይውሰድ ወይስ አይውሰድ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ራሳችሁ አታስቀሩ። የልብ ሕመም ያለበት ልጅ ድዱ ከመነካቱ በፊት ፀረ ተሕዋስያን ያስፈልገው እንደሆነ የልብ ሐኪሙ ይወስን። ለልቡ ሕመም በየወሩ የሚወጋው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይህን ይተካል ብላችሁ አትገምቱ።

ከተቆረጠ በኋላ ለሳምንት ያህል የቀዘቀዘ አጥሚትና ለስላሳ ምግብ ይመቻል፤ ትኩስ፣ ሚጥሚጣና ቆሎ አይመቹም። መድኃኒቱ ካልተቀየረና ማጽዳቱ ከላላ ድዱ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። በሰመመንና በወጪ የመጣ ንጹሕ አፍ በቸልታ ሲጠፋ ከማየት የሚያናድድ የለም፤ ጎረቤቴ ላይ አይቻለሁ።

የሚመክሩን ሌሎች

"ድዱን ይነቀስ፣ ደሙ ሲወጣ ይሻለዋል" ያሉኝ እናት ክፋት የላቸውም፤ የራሳቸው ድድ የተነቀሰ ነው፣ ውበቱም ያምርባቸዋል። መድኃኒት ያሳደገውን ድድ ግን መንቀስም በምላጭ መብጣትም አያሳንሰውም፤ የመከላከል አቅሙ በመድኃኒት የተዳከመ ልጅ ላይ ደግሞ ቁስሉ አመርቅዞ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። አረቄም ለልጅ ድድ አይሆንም፤ የሚጥል በሽታ ላለበት ጭራሽ።

ጠበል ሌላ ነገር ነው፤ እኔም ሸንኮራ ዮሐንስ ሄጃለሁ፣ ጻድቃኔ ማርያምም ሰንብቻለሁ። መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ በሰዓቱ ስጡት። ጠበሉን ስትጠመቁ፣ ኪኒኑን ስትውጡ ማንም አይጣላም፤ የንስሐ አባቴም ይህንኑ ነው ያሉኝ።

እኛ የመረጥነው

ልጄ መድኃኒቱ በሦስት ወር ውስጥ ቀስ ተብሎ ተቀየረለት። በዓመቱ ድዱ ከግማሽ በላይ ተመለሰ፤ የላይኛው የፊት ሁለት ቦታ ግን ጠንክሮ ስለቀረ በሰመመን ተቆረጠለት። አሁን ማታ ማታ ትንሿ እህቱ ከንፈሩን ትይዝልኛለች፤ አንዳንድ ቀን ይስቃል፣ አንዳንድ ቀን ይነክሰኛል።

ለቀጠሮ ስትመጡ የሁሉንም መድኃኒት ካርቶን በፌስታል ይዛችሁ ኑ፤ ስሙን በቃል ማስታወስ አይበቃም። ድዱን በስልክ በወር አንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ፣ በመስኮት ብርሃን ፎቶ አንሡት፤ እናት በየቀኑ ስለምታይ ለውጡን አታየውም። የጤና መድን ካርድና ከጤና ጣቢያ የተጻፈ የሪፈር ወረቀት አትርሱ፤ ያለ ወረቀት ተመልሰው የሄዱ አይቻለሁ። ከዚያም ሐኪሙን በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁት፦ የሚጥለው ነገር ምን ያህል ተይዟል? መድኃኒቱ መቀየር ይቻላል? ካልተቻለ ጥርሱን የት ላሳጥብ? ብሩሹን ቦርሳችሁ ውስጥ ጨምሩና፣ አፉን እንዴት እንደምታጸዱ በፊቱ አሳዩት። የእኔን አያያዝ ያረመችልኝ አንዲት ነርስ ናት፤ "እናቴ፣ አገጩን ልቀቂለት፣ ትንፋሽ ያጥረዋል" አለችኝ። ለአንድ ዓመት ሙሉ አገጩን ይዤ ስታገል ነበር።